አቤት ያለው ማነው?

ይኼ የሆነ ነገር ነው።

ከሰው የሰማሁት አይደለም። በጆሮዬ የሰማሁት፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። የማያምን ካለ እስራኤል፣ ቤር ሼቫ ይምጣና ደረጃችን ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ። ውሃ አቀርብለታለሁ። አብሬው ግን አልቀመጥም።

ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ነበር።

የሌሊት እንዳይመስላችሁ። የቀኑ ስድስት ሰዓት፣ እዚህ አገር አሥራ ሁለት የሚሉት። ልብስ ገና ሳይሰጣ የሚደርቅበት፣ ድመቶቹ ሁሉ መኪና ሥር የሚገቡበት ሰዓት። ታሪኩን ለማሳመር ሌሊት ባደርግላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፣ አውቃለሁ...

ግን በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው።

ስንቄ እባላለሁ። ከታሃና መርካዚት፣ ከዋናው አውቶቡስ ጣቢያ፣ ብዙ በማይርቅ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው የምኖረው። ልጆቼ አግብተው ወጥተዋል። ኤመቅ ሳራ የፋብሪካ ሰፈር፣ ዕቃ ማሸጊያ ውስጥ በከሰዓቱ ፈረቃ ስለምሠራ እስከ ቀትር ቤት ነኝ። ትምህርቴ ዕብራይስጥ ከተማርኩበት ከኡልፓን አላለፈም። ኡልፓኑንም ቢሆን ግማሹን ተኝቼ ነው የጨረስኩት።

ፊት ለፊቴ ያለው በር የባት-ኤል ነው። እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ ናት። ሥራዋ ኮምፒውተር ነው። ቀኑን ሙሉ በካልሲ ሆና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትጽፋለች።

"አንቺ ልጅ፣ ሥራ የለሽም እንዴ?" እላታለሁ።

"ዶዳ፣ ይኼ እኮ ሥራዬ ነው።" ዶዳ የምትለኝ አክስቴ ማለቷ ነው።

በካልሲ የሚሠራ ሥራ! እኔ የሥራ ጫማዬ ብረት ያለው ነው።

ያኔ የምትሠራው ሳጥን ነበር። ብቻቸውን ለሚኖሩ ሽማግሌዎች የሚቀመጥ፣ ግማሽ ዳቦ የሚያክል ነጭ ሳጥን። ቀትር ሲሆን የሰውየውን ስም ይጠራል። ሰውየው ሲመልሱ "መድኃኒትዎን ይዋጡ" ይልና አረንጓዴ መብራት ያበራል። አረንጓዴ ማለት ደህና ናቸው ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ጠርቶ መልስ ካጣ ግን ባት-ኤል ዘንድ ይደውላል። ያን ጊዜ ሰውየው ወድቀዋልና ሩጡ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሳጥን የገባው አባባ አዝመራው ቤት ነው።

አባባ አዝመራው የባት-ኤል አባት የቆዩ ወዳጅ ናቸው። ሃዒር ሃዓቲቃ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ምድር ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ልባቸውን ያማቸዋል። ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ወድቀው ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ሳያገኛቸው ቀርተዋል። ልጃቸው ናአማ ሰሜን ነው ያለችው። "ከእኔ ጋር ይኑሩ" ብትላቸው "ከቤቴ አልወጣም" አሏት። ስለዚህ ያላቸው ያ ሳጥን ብቻ ነበር።

ሳጥኑ ከዋሸ... የሚመጣላቸው ሰው የለም።

መጀመሪያ ሳጥኑ በዕብራይስጥ ነበር የሚናገረው፣ የአውቶቡሱን ፌርማታ በምትጠራው ሴት ዓይነት ድምፅ። አባባ አዝመራው ተቆጡ። "ይቺ ማን ናትና ነው ቤቴ ገብታ የምታዘኝ?" ብለው ፎጣ ጣሉበት።

ባት-ኤል እኔ ዘንድ መጣች።

"ዶዳ፣ ድምፅሽን አውሺኝ።"

"መልሺ እንጂ ታዲያ!" አልኳት።

ስልኳን አፌ ላይ ደቅና ቀዳችኝ። "አባባ አዝመራው!" አልኩ። "መድኃኒትዎን ይዋጡ" አልኩ። አበቃ። ከዚያ ሌላ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ይቺን ያዙልኝ።

መልሱስ? ባት-ኤል ሳጥኑን ሁለት መልስ አስተምራው ነበር፤ "አቤት"ን እና "ወይ"ን። አባባ አዝመራው የሚሉት ግን "ወይ" ነው። እኔ ለእሳቸው ልጅ ነኝ፣ ሽማግሌ ልጅን አቤት ይላል እንዴ? ሁልጊዜ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ይመልሳሉ።

"እህህ... ወይ!"

በየቀኑ እንዲሁ ነው። እህህ፣ ወይ።

አንድ ቀን ባት-ኤል በሬን አንኳኳች። ያው በካልሲዋ።

"ዶዳ ስንቄ፣ አባባ አዝመራው አንቺን አቤት ይሉሻል?"

ሳቅሁ። "እኔን? ምን ሆኜ? መቼ ነገሥሁ?"

እሷ አልሳቀችም።

"ሰሞኑን የሚመጣው መልስ አቤት ነው።"

"በስተርጅና ጨዋ ሆኑ በያ!"

"ነይ... ስሚው።"

ወጥ ቤቷ ገባሁ። ሳጥኑ የሰማውን ድምፅ ከኮምፒውተሯ ከፈተችልኝ።

የእኔ ድምፅ ጠራ። "አባባ አዝመራው!"

ከዚያ...

"አቤት።"

ቀስ ያለ ድምፅ ነው። የልጅ ነው እንዳትሉ የልጅ አይደለም፣ የአዋቂ ነው እንዳትሉ የአዋቂ አይደለም። ታዛዥ ነው። እህህ የለውም።

አባባ አዝመራው ዘንድ ደወልን።

"አባባ፣ ዛሬ ሳጥኑ ሲጠራዎ ምን ብለው መለሱ?" አለች ባት-ኤል።

"ምን እመልሳለሁ! ወይ ልል አፌን ስከፍት፣ ሳልመልስለት መድኃኒትዎን ይዋጡ አለኝ። ችኩል አድርገሽዋል።"

ስልኩን ዘጋች። "ባግ ነው" አለች።

"ባግ ደግሞ ምንድነው?"

"ተባይ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ የተደበቀ ስህተት።"

"ተባይ ከሆነማ የሚረጨውን ሰውዬ ጥሪ።"

ይቺን ስል ፈገግ አለች። ወንበር ስባልኝ ሥራዋን ጀመረች።

እንደገባኝ ልንገራችሁ። እሷ እዚህ ወጥ ቤቷ ሆና የምትጽፈው፣ እዚያ አባባ አዝመራው ሳሎን ያለው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ ውስጥ ሊስፕ የሚባል ቋንቋ የሚሰማ ትንሽ አስተርጓሚ አለ። እሷ የጻፈችውን ለሳጥኑ ይተረጉምለታል።

"እንደ ሐኪም ቤቷ አስተርጓሚ?" አልኳት።

"ናቆን፣ ልክ ነው፣ እንደዚያ።"

"ያቺማ ያላልኩትን ነበር የምትናገርልኝ። እኔ ወገቤን ስል እሷ ሆዷን ትላለች።"

ሁሉም ነገር በቅንፍ ነው። ቅንፍ ትከፍታለች፣ ትጽፋለች፣ ቅንፍ ትዘጋለች። ያን ጊዜ አስተርጓሚው አንብቦ ይሠራና መልሱን ከሥር ይጽፋል። ጽፎ ደግሞ የሚቀጥለውን ይጠብቃል።

"ቅንፉን ካልዘጋሽውስ?"

"ይጠብቃል።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪዘጋ።"

ፕሮግራሙን እያስቆመች፣ ትንሽ እያስኬደች፣ እንደገና እያስቆመች አየችው። ለረጅም ጊዜ ጣቷ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

"ረጋ..." አለች በዕብራይስጥ። "ቆይ..."

"ምንድነው?"

"አቤት የሚለው... ከጥሪው በላይ ነው የተጻፈው።"

"እና? ስንሰማው እኮ ጥሪው ነበር የቀደመው።"

"እዚህ ግን መጀመሪያ መለሰ። ከዚያ ነው የተጠራው።"



"የሳጥኑ ሰዓት ተዛብቶ ይሆናል" አለች። ለእኔ አልነበረም የምትነግረው።

እኔ ግን ሰውን ነው የጠረጠርኩት። መጀመሪያ ሌባ ጠረጠርኩ፣ ቁልፍ ያለው ሌባ። ቀጥሎ ናአማን ጠረጠርኩ፤ አባቷን አስፈራርታ ወደ ሰሜን ልትወስድ ይሆናል ብዬ። ኋላ ላይ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ባት-ኤልን ራሷን በጎን አየኋት። ሰው በካልሲ ተቀምጦ የሌላውን ሰው ሳሎን የሚሰማ ከሆነ ምን የማያደርገው አለ?

ይኼን ጥርጣሬ የሚያጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው አልኩ። በማግስቱ አባባ አዝመራውን በታክሲ አመጣናቸው።

የባት-ኤል ወጥ ቤት ጠረጴዛ ጋ ተቀመጡ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙ።

"ቤቱን ቆልፈዋል አባባ?"

"ቆልፌያለሁ። ቁልፌም ይኸው።" ጠረጴዛው ላይ ቀጭ አደረጉት። "መስኮቱም ብረት አለው። ይልቅ ምሳ ትሰጡኛላችሁ ወይስ ለምርመራ ነው የጠራችሁኝ?"

"ለሁለቱም ነው" አልኳቸው።

ስድስት ሰዓት ሆነ።

ከኮምፒውተሩ ውስጥ የእኔ ድምፅ ወጣ። "አባባ አዝመራው!"

ሽማግሌው ከልማዳቸው የተነሳ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ አገጫቸውን ቀና አደረጉ...

"አቤት።"

ከባዶው ቤት።

አገጫቸው እንደቀና ቀረ።

"መድኃኒትዎን ይዋጡ" አለ ድምፄ።

ከዚያ የክኒን ማስቀመጫ ክዳን ሲከፈት ሰማን። ቀጭ። ከዚያ ውሃ ሲቀዳ። ከዚያ... ሲጠጣ። ጉርጭ፣ ጉርጭ።

ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴዋ ነጥብ በራች። ደህና ናቸው።

"ቤቴ ውስጥ ሰው አለ" አሉ በሹክሹክታ።

"ባዶ ነው አባባ፣ እርስዎ እዚህ ነዎት..." አለች ባት-ኤል።

"ባዶ ቤት ውሃ ይጠጣል?"

ወዲያው በታክሲ ይዘናቸው ወደ ቤታቸው ሄድን። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ከፈትን። ማንም የለም። አልጋ ሥር አየሁ፣ ቁም ሣጥን አየሁ፣ ምድጃ ውስጥ ሳይቀር አየሁ። ባት-ኤል "ዶዳ፣ ምድጃ ውስጥ?" አለችኝ። ሰው ሲፈራ ምድጃም ያያል።

የዛሬው ክኒን ቦታው ላይ የለም።

ብርጭቆው እርጥብ ነው። በዚያ ሙቀት።

"ጠዋት ውጠውት ይሆን?" አልኳቸው።

"ቀትር ካልሆነ መች እውጣለሁ?"

"ለጊዜው እኔ ዘንድ ይምጡ። አልጋ አለኝ፣ ምሳም አለ" ብዬ ለመንኳቸው። ባት-ኤልም ለመነች። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

"ከዚህ ቤት የሚወጣ ካለ እሱ ይውጣ! አቤት ባዩ!"

ባት-ኤል እዚያው ሳሎን ቁጭ ብላ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ሳጥኑ "አቤት"ን እንዲረሳ አደረገችው።

"ከእንግዲህ ወይ ብቻ ነው የሚቀበለው" አለች። "እሱ አቤት ካለ መልስ አልተገኘም ማለት ነው። እኔ ዘንድ ይደወላል፣ እንመጣለን።"

"ይዋላ እንግዲህ አቤት ሲል!" አሉ አባባ አዝመራው። ሳቅንም።

አዎ፣ ሳቅን።

በማግስቱ ወደ ቀትር ከባት-ኤል ጋር ቁጭ አልን። እጇን ያዝኩ።

"አባባ አዝመራው!" አለ ድምፄ።

ዝም።

ከዚያ...

"ወይ!"

የእሳቸው ድምፅ ነው! ጎርነን ያለው፣ የማውቀው። አረንጓዴዋ በራች። ትከሻዬን ሰበቅሁ፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። "ሄደልን! ተባዩ ሞተ! በይ አሁን ጫማ አድርጊ" አልኳት።

ባት-ኤል ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለች።

"ሼቄት ዶዳ... ዝም በይ።" ድምፁን እንደገና ከፈተችው።

ወይ።

እንደገና።

ወይ።

"ምን ሆንሽ? እሳቸው እኮ ናቸው።"

ቀና ብላ አየችኝ። "እህህ የታለ?"

ስልክ ደወልን። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ናአማ ለባት-ኤል የተወችላት ቁልፍ ነበር። እንዴት እንደደረስን አላውቅም። ባት-ኤል ጫማ እንዳላደረገች ያየሁት በር ላይ ስንደርስ ነው።

ሳሎኑ ጸጥ ብሏል። ሳጥኑ መደርደሪያው ላይ አረንጓዴውን አብርቶ ተቀምጧል።

አባባ አዝመራው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ነበሩ።

በሕይወት። ከንፈራቸው ደርቆ፣ ግማሽ ፊታቸው ሴራሚኩ ላይ ተጣብቆ። ከጠዋት ጀምሮ ወድቀው ነው። ባት-ኤል አምቡላንስ ስትጠራ እኔ ጭንቅላታቸውን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

"መጣችሁ..." አሉ።

"መጣን አባባ። ዝም ይበሉ፣ አይድከሙ።"

"ቀትርን... ስጠብቅ ነበር። ስትጠሪኝ ዝም እላለሁ አልኩ። ዝም ካልኩ ትመጣላችሁ ብዬ።"

"ዝም አሉ?"

"አፌን ገጥሜ።"

"ታዲያ ወይ ያለው ማነው?"

ዓይናቸው ወደ ሳሎኑ ዞረ።

"እኔ" አሉ በሹክሹክታ። "እኔው ነኝ፣ ስንቄ። ከዚያ... ከሳሎን።"

ዳኑ። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለ፣ የቀረውን አልጨረሰውም። ከሐኪም ቤት ሲወጡ ናአማ ወደ ሰሜን ወሰደቻቸው። በዚህ ጊዜ አልተከራከሩም። ዕቃቸውን እንኳ "ሰው ያምጣልኝ" አሉ እንጂ ቤቱን ዞረው አላዩትም።

ባት-ኤል ሳጥኑን ነቅላ አመጣችው። ባትሪውን አውጥታ አንድ መሳቢያ ውስጥ፣ ሳጥኑን ሌላ መሳቢያ ውስጥ ከተተች። ለአለቃዋም "ይኼ ነገር ለሰው ቤት አይሆንም" ብላ ጻፈች። እኔም ወደ ፈረቃዬ ተመለስኩ። ደረጃ ላይ ሰው "ስንቄ!" ብሎ ሲጠራኝ ግን ፊቱን ሳላይ መመለስ ትቻለሁ። ጎረቤቶቼ "ኮርታለች" ይላሉ። ይበሉ።

አሁን የምነግራችሁ ትናንት የሆነውን ነው።

ቀትር ሊሆን ሲል በሬ በቀስታ ተንኳኳ።

"ዶዳ... ነይ። ምንም አትናገሪ፣ ዝም ብለሽ ነይ።"

በሬን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፣ ተከተልኳት።

ኮምፒውተሯ ክፍት ነው። ከሳጥኑ ጋር የምትጻጻፍበት ገጽ ላይ አንድ ቅንፍ ተከፍቷል። ከቅንፉ ቀጥሎ በላቲን ፊደል አንድ ቃል አለ። የደመወዝ ወረቀቴ ላይ በየወሩ ስለማየው አወቅሁት።

ስሜ ነው።

ቅንፉ አልተዘጋም።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?" አልኳት በጆሮዋ።

እጆቿን አነሳችልኝ። ወደ መሳቢያው አመለከተች።

"ባትሪ አለው?"

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

"አጥፊው ኮምፒውተሩን!"

"ጠዋት አጠፋሁት ዶዳ። ጠፍቶ ነበር።"

ቆምን። ከስሜ አጠገብ ያቺ ትንሽ መስመር ትበራለች፣ ትጠፋለች። ትበራለች፣ ትጠፋለች። ሰው ደጅ ቆሞ እንደሚጠብቅ።

ከዚያ ቅንፉ ተዘጋ።

ማንም ሳይነካው።

ከመሳቢያው ውስጥ፣ ባትሪ ከሌለው ሳጥን፣ የእኔ ድምፅ ወጣ።

"ስንቄ!"

እኔ ይቺን ቃል ለባት-ኤል ስልክ አልሰጠኋትም። ራሴን ጠርቼ አላውቅም። ሰው ራሱን ጠርቶ ያውቃል?

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ባት-ኤል የእሷን እጅ በእጄ ላይ ደረበች። ዝም ካልኩ ሁለተኛ ይጠራኛል፣ ሦስተኛ ይጠራኛል፣ ከዚያ ሰው ይመጣልኛል እያልኩ አሰብኩ። ዝም አልን። ትንፋሻችንን ሳይቀር ያዝን።

ሁለተኛ አልጠራኝም።

ከደረጃው ማዶ፣ ቁልፉ ኪሴ ካለው ቤቴ ውስጥ...

"ወይ!"

ድምፄ ነው።

ባት-ኤል እጇን ከአፌ አላነሳችም። ሁለታችንም ኮምፒውተሩን አየን።

ከስሜ ሥር አረንጓዴዋ ነጥብ በራች።